ባዶው ሲንኳኳ

በሩ ሲንኳኳ ማናህሎሽ ተክለማርያም እግሮቿን የጨው ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበርና ዝም አለች። ማንም ይሁን ማን፣ ሲታክተው ይሄዳል ብላ ነው። ጠዋት ነው፤ ግን የጁባ ጠዋት ዕድሜ የለውም፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ከወዲሁ ይንጣጣል። የሚያንኳኳው ሰው አልታከተውም።

«ክፍት ነው!» አለች በመጨረሻ፣ ተውኝ በሚል ድምፅ።

የገባው ሻምበል ጋትኮት ነው። ጋምቤላ ያደገ፣ አማርኛው ከብዙ አዲስ አበቤ የሚሻል የፖሊስ አዛዥ ነው፤ ቁመቱ የትኛውንም በር ጎንበስ ሳይል አያሳልፈውም።

«እትዬ፣ ከይፍ፣ ደህና ነሽ? ላስቸግርሽ አልወደድኩም ነበር።»

«እንግዲያው አታስቸግረኛ።»

«ሰው ሞቷል።»

«ጁባ ውስጥ ሰው መሞቱን ልትነግረኝ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?»

«የእናንተው ሰው ነው። ስምኦን የሚባል፣ የወደብ ጥናት የሚያጠናው። ረጃፍ መንገድ ላይ ባለው የረፊቅ ግቢ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ተቆልፎበት ትናንት ከሰዓት በሙቀት ሞተ። ቁልፉ የተገኘው ነጃት እጅ ነው። እሷን ይዣታለሁ።»

ማናህሎሽ እግሮቿን ከውሃው አወጣች። ነጃት ሀይ ጀላባ ሠፈር ውስጥ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። የማናህሎሽ ጉልበት ሲያብጥ መድኃኒት የምትገዛላት፣ ስልኳ ሲበላሽ የምታስተካክልላት፣ ስትስቅ ግቢውን ሁሉ የምታስቀው ልጅ ናት።

«ነጃት ሰው ገደለች? ነጃት እኮ በረሮ ስታይ እኔን ነው የምትጠራው!»

«እኔም ልቤ አልተቀበለውም። ግን ከላይ ያሉት መነዝነዛቸውን አላቆሙም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፋይሏ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። አንዴ ከሄደ ወዲያ እኔም አላወጣትም። አንቺ አዲስ አበባ የግድያ ወንጀል ስትመረምሪ ነው የኖርሽው።»

«ነበር። አሁን የምመረምረው የተቃጠለ መኪና ነው» አለች ነጠላ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች። እውነቷን ነው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ ተዘረፍኩ የሚል ነጋዴና ተቃጠለብኝ የሚል ባለመኪና ሲዋሽ መስማት ሆኗል ሥራዋ። የሰው ውሸት እጅ እጅ ብሏታል። «በል ውሰደኝ። መጀመሪያ ሟቹን፣ ቀጥሎ ልጅቷን።»

ሬሳው ካለበት ክፍል ብዙ አልቆየችም። የስምኦን ፊት እንቅልፍ የወሰደው ሰው ፊት ነው። እጆቹ ግን ሌላ ናቸው፤ የጣቶቹ አንጓ ሁሉ አብጦ ተልጧል፣ የጋብቻ ቀለበቱም ጠምሟል።

«ብረቱን ሲደበድብ ነው የሞተው» አለች። «ይህን ያህል ሲደበድብ ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም?»

«እንዴት አልነበረም፣ ሞልቶ ነበር እንጂ! እኔም ግራ የገባኝ እሱ ነው።»

ነጃት ጣቢያው ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ነበር። ማናህሎሽን ስታይ ተነሳችና እንደ ልጅ እጇን ያዘቻት።

«እትዬ ማናህሎሽ፣ እኔ አልቆለፍኩበትም! ወላሂ አልቆለፍኩበትም!»

«እሱን ለጊዜው ተይውና ሥራችሁን አስረጂኝ። ስምኦን ምን ነበር የሚሠራ?»

ነጃት ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «መተንበይ ነው። አንድ ጎረቤት አገር ወደቦቹን ሊያሰፋ ነው። ከማስፋቱ በፊት ወደፊት በሃያ ዓመት ውስጥ ከደቡብ ሱዳን ምን ያህል ኮንቴይነር እንደሚሄድለትና እንደሚመጣበት ማወቅ አለበት። ትንበያውን የምንሰጠው እኛ ነን። ታዲዮስ አለቃችን ነው፣ ስምኦን ስሌቱን ይሠራል፣ እኔ ዳታ እሰበስባለሁ።»

«ታዲያ ትንበያ በቢሮ አይሠራም? ኮንቴይነር መሃል ምን ወሰዳችሁ?»

«ስምኦን የተጻፈ ነገር አያምንም፤ ‹መነሻው ከተሳሳተ ሃያ ዓመቱ በሙሉ ይሳሳታል› ይላል። ሰሊጥ የሞላ፣ ወደ ውጭ የሚላክ የተባለውን ኮንቴይነር ሁሉ እየዞረ በጡጫው ይመታል። ሙሉ ከሆነ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶ ከሆነ ይጮኻል። ጠዋት ማታ ዷ! ዷ! ግቢው በሙሉ ለምዶታል። ትናንት ራሴን አሞኝ ነበርና ‹ይሄን ማንኳኳትህን ተው፣ ሰው ታሳብዳለህ!› ብዬ ጮህኩበት። ሰው ሁሉ ሰማ። ተጣልተው ነበር የሚሉት ለዚህ ነው።»

«ቁልፉስ?»

«የዕቃችን ኮንቴይነር ነው። ጠዋት ከፍቼ ጓጉንቸሩን ክፍቱን በሩ ላይ አንጠልጥዬው እውላለሁ፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። አመሻሽ ላይ ዕቃ ልመልስ ስሄድ ተቆልፎ አገኘሁት። ከፈትኩት። ከዚያ…» አልቻለችም።

ማናህሎሽ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት። «ከሰዓት በኋላ ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ከወደብ ሰዎች ጋር በኮምፒዩተር ሚቲንግ ነበር። አቅራቢው ስምኦን ነበር፤ ታዲዮስ ግን ‹ስምኦን ካቶር ሠፈር ሄዷል› ብሎኝ እሱ አቀረበ። እኔ ሌላኛው ቢሮ ሆኜ ሠንጠረዥ እሞላ ነበር። ቃለ ጉባኤውን የተቀዳውን ሰምቼ ነው ሁሌ የምጽፈው፤ የትናንቱን ገና አልሰማሁትም።»

«ማንኳኳት ሰምተሽ ነበር?»

ነጃት አንገቷን ደፋች።  

«ሰምቻለሁ። እትዬ፣ ሰምቻለሁ! ከካቶር ተመለሰና አሁንም ጀመረው ብዬ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ዘፈን ከፈትኩ።»

ማናህሎሽ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ያዘችላት።  

ውጭ ሲወጡ ጋትኮት ራሱን ነቀነቀ። «ራሷ ሰምቻለሁ አለች እኮ። ዐቃቤ ሕጉ ይህን ቢሰማ ኻላስ፣ አለቀላት።»

«እኔ ደግሞ የወደድኩላት እሱን ነው» አለች ማናህሎሽ፣ መኪናው ውስጥ እየተሳበች።

የረፊቅ ግቢ የኮንቴይነር ሠፈር ነው። ጁባ የገባ ኮንቴይነር የመመለስ ነገር እምብዛም አይሆንለትም፤ ሲመለስም የሚጭነው አያገኝም። አንዱ መስኮት ይወጣለትና ሱቅ ይሆናል፣ አንዱ ክሊኒክ፣ አንዱ መኝታ ቤት። ግቢው መግቢያ ላይ ያለው ባለ አርባ ጫማ ኮንቴይነር የበዛብሽ ምግብ ቤት ሆኗል። ሾፌር በሙሉ የሚያውቃት፣ ምላሷ የማይያዝ ሴት ናት፤ ዛሬ ግን ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ስፒናች ትከትፋለች።

«ማናዬ፣ መጣሽልን? እንዲህ ያለ ጉድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ምሳውን እዚህ በልቶ ‹በዛብሽ፣ ወጥሽ ዛሬ ጨው ረስቷል› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹ሂድና ቆርቆሮህን ደብድብ› አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ይሁን?»

«ከምሳ በኋላ ማንኳኳት ሰማሽ?»

«አልሰማሁም ልበል? ድስቴ እስኪንቀጠቀጥ! ‹ዛሬ ደግሞ ምን ነካው ይሄ ሰውዬ› ብዬ ስስቅ…» ቢላዋውን አስቀመጠች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ማናዬ። እሱ ነበር እንዴ?»

 በዛብሽ ሻሿን ወደ አፏ ወስዳ ነከሰችው።

የግቢው ባለቤት ረፊቅ ሐረር የተወለደ፣ ኑሮው ሁሉ መኪናና መንገድ ላይ ያለፈ ቀጭን ሰው ነው። ሰሊጥ የሞሉ የተባሉት ኮንቴይነሮች ጎን እየሄደ ስለ ስምኦን ደግነት ብዙ አወራላት። ማናህሎሽ ጫማዋን አውልቃ በተረከዙ አንዱን መታችው። ኮንቴይነሩ ጮኸ።

«ሰሊጡ ቀላል ነው መሰለኝ» አለች።

ረፊቅ ሳቅ ሞከረና ተወው። «እሺ፣ ባዶ ናቸው። ደረቅ ወደብ የሚሠራው ጭነት ብዙ ባለበት ግቢ ነው አሉኝ። ስለዚህ ሙሉ አልኳቸው። ለዚህ ይሰቅሉኛል?»

«ስምኦን ደርሶበት ነበር?»

«ትናንት ጠዋት ‹ረፊቅ፣ ከሰዓት በሚቲንጉ ላይ እናገራለሁ› አለኝ። ለታዲዮስም ነግሮት ነበር። እኔ ንገር አልኩት። እህቴ፣ ከተማው በሙሉ ባዶ ነው፤ ባዶ መሸጥ ካቃተኝ ብረት እሸጣለሁ።»

«ከሰዓት በኋላ ሲያንኳኳ ሰማኸው?»

«ሰምቻለሁ እንጂ! የኔን እንጀራ ነው የሚያንኳኳው እያልኩ ስረግመው ነበር።» ቆም አለ። «ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

የታዲዮስ ቢሮ ከዕቃው ኮንቴይነር ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ ኮንቴይነር ነው፤ ኤሲ ተገጥሞለት ቀዝቅዟል። ከመግባቷ በፊት ማናህሎሽ ለጋትኮት በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው፤ እሱም ወደ ዕቃው ኮንቴይነር ሄደ። ታዲዮስ ጨዋ፣ ጺሙን ያልተላጨ፣ እንቅልፍ ካየ የቆየ የሚመስል ሰው ነው። ተነስቶ ወንበር ሳበላት፤ ብርጭቆ ውሃም አስቀመጠላት።

«ነፍሱን ይማርና፣ ለሚስቱ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም፣ ወይዘሮ ማናህሎሽ።»

«ከባድ ነው። ትናንት ከሰዓት እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ሚቲንግ ላይ። ከምሳ በኋላ ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ፤ አንድ መንጋ ሰው ምስክሬ ነው።»

«ስምኦን ካቶር ሄዷል ያሉት ለምንድነው?»

«መስሎኝ ነው። ጓደኛ አለው እዚያ።»

«ስልኩስ?»

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ ላይ ነበር። ለፖሊስ ሰጥቻለሁ። ሁላቸውም እዚህ ነው የሚሰኩት።»

«ማንኳኳት አልሰሙም?»

«በፍጹም» አለ ታዲዮስ። «ጄኔሬተሩ አለ፣ ኤሲው አለ። እንኳን ማንኳኳት፣ ሰው ስሜን ቢጠራኝ አልሰማም።»

በዚያው ቅጽበት ግድግዳው ወዲያ ማዶ አንድ ነገር ዷ አለ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ተርገፈገፈ። ታዲዮስ ወደ ግድግዳው አልዞረም፤ ቀስ ብሎ መዳፉን ብርጭቆው ላይ ጫነ።

ማናህሎሽ ውሃውን ሳትጠጣ ወጣች። ግቢው መሃል ቆማ ወደ ጣቢያው ደወለችና ነጃትን በስልክ አገናኟት። አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት፣ መልሱን ሰማች፣ ከዚያ ነጃት ቢሮ ገብታ ኮምፒዩተሯ ላይ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ ቆየች። ስትነሳ ጉልበቷ ብቻ አልነበረም ያመማት።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሁሉም በዛብሽ ቤት ተሰበሰቡ። ጋትኮት ነጃትን ይዞ መጣ፤ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፣ ፋይሉ ከብብቱ ሥር ነው። በዛብሽ ለነጃት ወንበር አቀረበችላትና ትከሻዋን ይዛ አጠገቧ ቆመች። ረፊቅ በሩ ላይ ተደገፈ። ታዲዮስ ከሁሉም ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ደክሞኛል፤ እናንተም ደክሟችኋል፤ አላንዛዛውም» አለች ማናህሎሽ። «ነጃት የተያዘችው ቁልፍ ስለያዘች ነው። ሻምበል፣ ጓጉንቸር ለመዝጋት ቁልፍ ያስፈልጋል?»

ጋትኮት አሰበ፤ ከዚያ ግንባሩን መታ። «አያስፈልግም። ጫን ማድረግ ብቻ ነው።»

«ክፍቱን ተንጠልጥሎ ውሏል። ያለፈ ያገደመ ሁሉ ሊቆልፈው ይችላል። ቁልፍ የሚፈልገው የሚከፍት ሰው ነው፤ የከፈተች እሷ ናት። ስለዚህ ቁልፉን ተዉት። ሁለተኛው ነገር ማንኳኳቱ ነው። ሟቹ እጁ እስኪላጥ ደብድቧል። ሁላችሁንም ሰማችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ነጃት ሰምቻለሁ አለች። በዛብሽ ድስቴ ተንቀጠቀጠ አለች። ረፊቅ ስረግመው ነበር አለ።»

«እኛማ ሥራውን የሚሠራ መስሎን!» አለች በዛብሽ፤ ለቅሶዋ መጣ።

«እኮ! ለእናንተ የስምኦን ማንኳኳት የየዕለት ነገር ነው፤ ሰማሁ ለማለት የሚያስፈራ ነገር የለውም። ስምኦን አንዱን መታ አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ትናንት ግን ድምፁ ከአንድ ቦታ አልተንቀሳቀሰም። ይህን ማንም ልብ አላለውም፤ ለምን ይበል? ማንኳኳቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ሰምቻለሁ ማለት አይችልም። ሰምቶ ዝም ማለት ለእሱ ሌላ ትርጉም አለው።»

ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ ታዲዮስ ዞሩ።

«ይሄ ግምት ነው» አለ ታዲዮስ። «ኤሲው እየሠራ ነበር ብያለሁ።»

«ዛሬም እየሠራ ነበር። ሻምበሉ በዚያ ወገን አንዴ ቢመታው ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ፤ እርስዎም በእጅዎ ያዙት። ካቶር ሄዷል አሉ፤ ስልኩ ግን ከፊትዎ ነበር። ጁባ ውስጥ ስልኩን ጥሎ ከተማ የሚወጣ ሰው አላውቅም።»

«ይሄ ሁሉ ወሬ ነው። ሚቲንግ ላይ ነበርኩ፣ ሚቲንግ ላይ! ያን ሁሉ ሰው ጠይቂያቸው!»

«ሚቲንግ ላይ ነበርክ» አለች ማናህሎሽ። አንቱታው ከአፏ ወደቀ፤ ሁሉም ልብ አሉት። «ሚቲንግ ደግሞ ይቀዳል። የት እንደሚቀመጥ የነገረችኝ ነጃት ናት።»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ነካችው። የታዲዮስ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ስለ ዕድገት፣ ወደ ውጭ ስለሚላከው ሰሊጥ፣ ወደቡ መጨመር ስላለበት መትከያ ይናገራል። ከቃላቱ ኋላ፣ ዷ። ዷ፣ ዷ። አንዲት ሴት፣ «ይቅርታ አቶ ታዲዮስ፣ ድምፁ ምንድነው?» አለች። «ምንም አይደል፣ ጓሮ ሥራ ስላለ ነው» አለ የተቀዳው ታዲዮስ። ቀጠለ። የሚመጡትን ዓመታት አንድ በአንድ እየጠራ ቁጥራቸውን ተናገረ፤ ከኋላው ያለው ድምፅ እየሳሳ፣ እየተራራቀ ሄደ። ከዚያ ጠፋ። ታዲዮስ ግን ገና አልጨረሰም ነበር።

ነጃት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች፤ ወዲያው ደግሞ እጆቿን አወረደች፤ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አጥፊው» አለ ታዲዮስ። «በእናትሽ አጥፊው።» ማናህሎሽ አጠፋችው። «ሚቲንጉ እስኪያልቅ ብቻ ነበር። ትንበያውን ለወደብ ሰዎቹ አስቀድሜ ቃል ገብቼበታለሁ። አንድ ቀን ስጠኝ ብዬ ለመንኩት፤ እንቢ አለ። ባዶዎቹን ፎቶ የሚያነሳበትን ካሜራ ሊያወጣ ሲገባ ዘጋሁበት። ሊገድለው የፈለገ ማነው? እኔ? ሙቀቱን ይችለዋል ብዬ ገመትኩ። ጤነኛ ሰው ነው፣ ትንሽ ይሞቀዋል፣ ይሰድበኛል፣ ያበቃል ብዬ ገመትኩ። ሚቲንጉ ረዘመ። ድምፁ ሲቆም ደክሞት ተቀመጠ ብዬ ገመትኩ።»

«ሲያልቅስ ለምን አልከፈትክለትም?»

«ፈራሁ። የማገኘውን ፈራሁ።»

«እና እሷ እንድትከፍተው ተውካት» አለች ማናህሎሽ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ አቅሙም አልነበራት።

ጋትኮት ፋይሉን ከብብቱ አውጥቶ በዛብሽ ከሰል ማንደጃ አጠገብ ወረወረው። ታዲዮስን በክንዱ ይዞ አስነሳው። ከበሩ ሲደርስ ተመለሰና የጓጉንቸሩን ቁልፍ ነጃት መዳፍ ላይ አስቀመጠ። «ማሌሽ፣ ይቅርታ ነጃት። ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት። ነጃት ቁልፉን ጨብጣ ቀረች እንጂ አልተነሳችም።

 ፀሐይዋ ከግቢው ሸሽታለች፤ ቀኑን ሙሉ የጋለው ብረት መቀዝቀዝ ጀምሯል። ከሰሊጥ ኮንቴይነሮች መስመር አንዱ ዷ አለ።

«ብረቱ ነው» አለ ረፊቅ በዝግታ። «ሲበርደው እንደዚያ ነው። ሁልጊዜ ነው።»

ድጋሚ ዷ አለ። ነጃት ወንበሩን ገልብጣ ሮጠች። ጫማዋ መንገድ ላይ ቀረ። የኮንቴይነሩን ዘንግ በሁለት እጇ ይዛ ተንጠለጠለችበት፤ በሩ እያቃሰተ ተከፈተ፤ ራሷን ወደ ውስጥ አስገባች። የወጣው የቀኑ ሙቀት ብቻ ነው።

«ባዶ ነው» አለች ሳትዞር። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሄደችና ዘንጉን ያዘች።

አትልፊ ያላት የለም። በዛብሽ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መስመሩን ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረችው፤ ረፊቅም ዘንግ የጠነከረበትን እያላላ ተከተላት። ማናህሎሽ ጉልበቷን እየረገመች ከወንበሯ ተነሳችና መሃል ያለውን ከፈተችው።